የኖህ ዘጠኝ ክዳኖች

ኖህ ውሸታም አልነበረም ለማለት ውሸታም መሆን ያስፈልጋል።

በቀጨኔ ዳገት ግርጌ፣ መኪና ጉልበቱን ሰብስቦ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ፣ የአሽረፍ ጎሚስታ አለ። ኖህ እዚያ ጎማ ይለጥፋል። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ባይከፍትም አፉን ዘግቶ አያውቅም። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሹፌር ሁሉ ከንፋሱ ጋር አንድ ወሬ ጭኖ ይሄዳል። ኖህ በአንድ ትንፋሽ የኢሱዙ ጎማ ሞልቷል። ኖህ ፍሬን የበጠሰ አውቶብስ በትከሻው አቁሞ፣ ሹፌሩን መክሮ ልኮታል። ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ጎማ ነክሶ ጥርሱ ቢሰካበት፣ ኖህ በብረት ፈልቅቆ አላቅቆታል፤ ጅቡም ውለታ አይረሳምና በየዓመቱ ለመስቀል ሊጠይቀው ይመጣል።

ሰፈርተኛው በስሙ ይቀልድበታል። «ኖህ፣ ዛሬ መርከቡ ላይ ማንን ጫንክ?»

ማንም አይጎዳም ነበር። ሰው ይስቃል፣ ጎማው ይለጠፋል፣ ቀኑ ይመሻል። ጉዳት የደረሰው በሚያዝያ ነው፤ እሱም በጣቱ በኩል።

አንድ ጠዋት የሱቁን የቆርቆሮ በር ሲከፍት ሌባ ጣቱን ቀረጠፈው። አሽረፍ በጨርቅ ጠቅልሎ «ጳውሎስ ሄደህ ታከም» ብሎ ላከው። ኖህ ግን የሆስፒታሉን ሰልፍ ሲያይ ሐሳቡን ቀየረና ከማዶ ካለው ፋርማሲ ገባ። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ልጅ ክኒን አምስት አምስት እያደረገች ትቆጥራለች። ቀና ብላ አላየችውም። ሠላሳ እስክትሞላ ጠበቃት።

«ምን ልርዳህ?»

ኖህ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ዓይኖቿን ሲያይ ግን የቆርቆሮ በር በጣም ትንሽ ነገር መሰለው።

«የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ ነው» አለ። «እኔን ይዞ ተነሣ። ከመድኃኔዓለም ጉልላት በላይ ሳልፍ ደወሉን በዚህች ጣቴ ነካሁት። ቄሱ ማን ደወለ ብለው ሲወጡ እኔ ሰማይ ላይ ነኝ። እንደምን አደሩ አባቴ አልኳቸው...»

ልጅቷ ጨርቁን ከጣቱ ላይ እየፈታች ሰማችው። ከንፈሯ ዳር አንድ ነገር ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዝገት አለው?»

«ምኑ?»

«ደወሉ።»

«ደወሉ እንኳ... እ... ማለቴ፣ ትንሽ።»

«ስማኝ ወንድሜ። የዛገ ብረት ከሆነ ክትባት ያስፈልግሃል። መንጋጋ ቆልፍ የሚባል በሽታ አለ። መንጋጋህ አንዴ ከተቆለፈ ይሄ ሁሉ ወሬ በየት ይወጣል?»

ኖህ ጣቱን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«በር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቆርቆሮ በር። የዛገ።»

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየችው። ከጫማው ጀምራ፣ ቅባት የጠጣ ቱታውን አልፋ፣ ፊቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የቀጨኔው ኖህ አንተ ነህ እንዴ? ጅብ የሚጠይቅህ?»

«እኔን በምን አወቅሽኝ?»

«ቤታችን ዳገቱ አናት ላይ ነው። አንተ ባትመጣም ወሬህ ይወጣል።» ጣቱን አጥባ በፋሻ አሰረችለትና ወደ ሆስፒታሉ አመለከተችው። «ክትባቱን ሳትወጋ እንዳትሄድ። ተወግቻለሁ ብለህ እንዳትመጣብኝ ደግሞ፣ ወረቀቱን አያለሁ።»

ወረቀቱን አመጣላት። ናዝሬት ትባላለች።

በዚያ ሳምንት ኖህ ለአንዲት ጣት ስድስት ጊዜ ፋሻ ገዛ። በሰባተኛው ቀን ናዝሬት ወደ መደርደሪያው ዞራ፣ ፊቷ እንዳይታይ አድርጋ፣ «ጣትህ ድኗል። የታመመው ሌላ ቦታ ነው መሰለኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ ከጳውሎስ እስከ ቀጨኔ አብረው በእግር ይሄዱ ጀመር። እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች። ኖህ ያን እጅጌ ለማስነሣት ሲል ብቻ በአንድ ምሽት ሁለት አውቶብስና አንድ ባቡር በትከሻው አቁሟል።

ግንቦት ሲገባ አንድ ቀን አልሳቀችም።

«አባባን ታውቃቸዋለህ?» አለችው።

«ጋሽ ስብሐትን? ቆጣሪ አንባቢውን ማን የማያውቅ አለ?»

«ሠላሳ ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ቤት ለቤት እየዞሩ።» መንገዱን ሲሻገሩ ቀጠለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት ላገባ ነበር። ኢዮሲያስ ይባላል። መሐንዲስ ነኝ አለ፣ አመንን። ወንደላጤ ነኝ አለ፣ አመንን። ሽማግሌ መጣ፣ ካርድ ተበተነ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት ልጅ አዝላ በራችን ላይ ቆመች። ሚስቱ ናት።»

ኖህ እርምጃውን ዝግ አደረገ።

«አባባ የድሮ የሥራ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። እንደ ቆጣሪው ቤት ለቤት ዞረው የጥሪ ካርዱን አንድ በአንድ ለቅመው መለሱ። ሁለት መቶ አሥር ካርድ። ሌላ ሰው አልላኩም። ለኔም ክፉ አልተናገሩኝም። አንድ ነገር ብቻ አሉ። ከእንግዲህ አንዴ እንኳ ዋሸ ሲሉት የሰማሁት ሰው፣ ሽማግሌው በዚህ በር አይገባም።»

ኖህ ዋሸ ሲባል የተሰማበትን ጊዜ በሆዱ መቁጠር ጀመረና ቁጥሩ ከተማረው ሒሳብ አለፈበት።

«አቆማለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ውሸቱን ነዋ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንድም የለም። በቃ።»

በማግስቱ አሽረፍ «ለምን አረፈድክ?» ሲለው፣ አፉ ራሱን ችሎ «ታክሲው ውስጥ ግመል ገብቶ» አለ። ቀጥሎ የመጣውን ሹፌር «እኔ እኮ ውሸት ትቻለሁ፤ ድሮም ዋሽቼ አላውቅም» አለው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ቆጠራቸውና ፍቃድ ጠይቆ ወደ ፋርማሲው ሄደ።

«አሥራ አንድ» አላት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «ገና በአራት ሰዓት። ከኔ ጋር ጊዜሽን አታጥፊ።»

ናዝሬት አልሳቀችም። አልተቆጣችምም።

«ሰዎች ለዓመታት የወሰዱት መድኃኒት ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?» አለችው። «ሐኪሙ በአንድ ቀን አይነጥቃቸውም። እንደዚያ ከሆነ ይብስባቸዋል። ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀንስላቸው፣ ሰውነት እየለመደ።» ከመሳቢያ አንዲት የክኒን ፖስታ አውጥታ ለበሽተኛ እንደምትጽፈው አድርጋ ጻፈችበት። «ውሸት። በቀን ዘጠኝ። ሦስት ጠዋት፣ ሦስት ቀን፣ ሦስት ማታ። በየአሥር ቀኑ አንድ ቀንስ።»

ኖህ ፖስታውን ገለበጠው። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«ከምግብ ጋር። ባዶ ሆድ ላይ አይስማማህም።» ከዚያ ጣቷን አነሣች። «ራስ መነቅነቅም ይቆጠራል። ሰው ሲሳሳት እያየህ ዝም ማለትም ይቆጠራል።»

«ጅቡስ? አውቶብሱስ?»

አመነታች። ከውጭ አንድ አምቡላንስ እየጮኸ አለፈ።

«ሁሉም» አለች።

ጎሚስታ ቤት ከማይጠፉ ነገሮች አንዷ፣ ጎማው ንፋስ የሚሞላበት ጫፍ ላይ የምትጠመዘዝ ጥቁር ክዳን ናት። ኖህ በየጠዋቱ ዘጠኝ ክዳን ቆጥሮ ቀኝ ኪሱ ይከታል። አንድ ሲዋሽ አንድ ክዳን ወደ ግራ ኪሱ ታልፋለች። ቀኝ ኪሱ ባዶ ሲሆን አፉ ይዘጋል፤ እንደ ጾመኛ ሰዓት እያየ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የተሰናበቱት ለራሱም የማይጥሙት ነበሩ። ገና አልጋው ላይ ሆኖ በስልክ ለአሽረፍ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» የሚላት ውሸት በየጠዋቱ አንድ ክዳን ትበላበታለች። ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ተነሣ፤ ክዳኗ ተረፈች። ነገ ትደርሳለች ብሎ የሚምልላት ጎማ ሌላ ክዳን ትበላለች። ዛሬ ጨረሳት፤ እሷም ተረፈች። ለካ ግማሹ ውሸት ከስንፍና ነው የሚወለደው።

አሽረፍ ግን ግራ ገባው።

«ይሄ ጎማ ጎንደር ያደርሰኛል?» ይላል ሹፌር።

«ጎንደር አይደለም፣ እዚሁ ጎጃም በረንዳም አያደርስህም» ይላል ኖህ።

«አንተ ልጅ ያመሃል እንዴ?» አለው አሽረፍ አንድ ቀን። «ሰዎቹ እኮ ወሬህን ብለው ነበር የሚመጡት።»

ቢሆንም ሹፌሮቹ ተመልሰው መጡ። አንዳንዶቹ ኖህ ጎማቸውን ዞሮ ሳያይላቸው ረጅም መንገድ አልወጣም አሉ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ አምስት ክዳን ላይ ደርሶ ሳለ፣ ወደቀ። ማቲያስ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ሰው ሰብስቦ በሬ ሲጎትት የዋለ አይጥ አየሁ ብሎ አወራ። ወሬው ኖህን አላናደደውም፤ አወራሩ ነው ያናደደው። እንዲህ ይወራል እንዴ ብሎ ተነሣና በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሰባት ደረደረ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ኖህ ግራ ኪሱን ዳበሰ። ሁሉም ክዳኖች እዚያ ነበሩ።

«አበቃ» አላት ናዝሬትን። «ከዘጠኝ ልጀምር?»

«ክኒን ረሳሁ ብሎ ለሚመጣ ሰው ምን እንደምንለው ታውቃለህ? የረሳኸውን አትደርብ። ከቆምክበት ቀጥል እንለዋለን።» ክዳኖቹን ተቀብላ አምስት ቆጠረችና መዳፉ ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች አስጨበጠችው። የዳነችዋ ሌባ ጣት ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። «ነገ አምስት ነው።»

ኖህ ዳገቱን ሲወጣ «ነገ አምስት ነው» እያለ ሄደ። ከዚያ የሚበልጥ ቃል ሴት ልጅ ለወንድ ተናግራ እንደሆነ እሱ አልሰማም።

ነሐሴ አምስት ቀን ዜሮ ገባ። የመጨረሻዋን ክዳን ለናዝሬት ሰጣት።

«አንቺ ያዢያት። ካስፈለገችኝ እጠይቅሻለሁ።»

አልጠየቃትም። አሁን ከጳውሎስ ሲመለሱ መንገዱ ጸጥ ብሏል።

«ዛሬ ምን ገጠመህ?»

«ሰባት ጎማ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ናዝሬት ጭጋግ የለበሰውን እንጦጦን ቀና ብላ ታያለች፤ ከዚያ የሚወርድ ጅብ የለም። ደስ ሊላት ሲገባ አንድ ነገር ጎደላት፤ የጎደላትን ግን ለመናገር ፈራች። ራሷ ያዘዘችው መድኃኒት ነዋ።

በዚያው ወር መጨረሻ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ስብሐት መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«የጎሚስታው ልጅ? የጅቡ?»

«ትቶታል፣ አባባ።»

«ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱን ልየው። ጳጉሜን አምስት፣ ስምንት ሰዓት።»

ጳጉሜን አምስት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ኖህ ሰባት ሰዓት ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ድሮ ቢያወራው ሰው ይስቅለት ነበር።

ሦስት ሰዎች ለእንቁጣጣሽ ቅርጫ የተገዛ በሬ እየነዱ ዳገቱን ጀመሩ። ቀንዱ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ቀይ በሬ ነው። ሱቁ ፊት ሲደርስ የአሽረፍ ኮምፕሬሰር በረጅሙ ተነፈሰ። በሬው ደነበረና በር ላይ በተደረደሩት ጎማዎች መሐል ራሱን ሰደደ። ሲወጣ አንገቱ ላይ የኢሱዙ ጎማ አጥልቆ ነበር። እንደዚያው ሆኖ ዳገቱን ሸመጠጠ።

ጎማው የደንበኛ ነው። ኖህ ተከተለ። ጭቃው አንድ ጫማውን ወሰደ፣ መልሶ አወጣው፤ ስልኩን ወሰደ፣ አልመለሰም። ኮረብታው ወገብ ላይ መንገዱ በሁለት ግንብ መሐል ሲጠብ፣ ጎማው ግራና ቀኝ ተቸነከረና በሬው ቆመ። ከኋላ ከደረሱት ሦስት ሰዎች ጋር ጎትተው አውጥተው ከመብራት ምሰሶ ጋር አሰሩት። ጎማው ግን እንቢ አለ። ኖህ ቀና ሲል የአንዱ ሰውዬ ሰዓት ስምንት ከአርባ ይላል።

«ሳሙናና ብረት ይዤ እመጣለሁ። ጠብቁኝ» አለና ሽቅብ ሮጠ።

ጋሽ ስብሐት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ይደበደባል፤ እንኳን የበሬ ጩኸት የራስ ድምፅም አይሰማም። የገባውን ሰው ከእግር እስከ ራስ አዩት።

«ተቀመጥ። ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ሊሆን ነው።»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውኃው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። ፊታቸው ለስለስ አለ።

«ዝናቡ ነው መሰል የያዘህ?»

ይኸው ነው። ራስ መነቅነቅ ብቻ። ጣሪያው ይመሰክርለታል፣ የራሰው ሸሚዝ ይመሰክርለታል። ናዝሬት ሻይ ይዛ ገባች። የኖህን ፊት አየች፣ ሸሚዙን አየች፣ የሆነው ነገር ሊታመን የማይችል መሆኑ ገባት። ብርጭቆውን አስቀምጣ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ሳሕኑ ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ክዳን ነበረች።

ኖህ ክዳኗን አየ። ናዝሬትን አየ። ዓይኖቿ «ውሰዳት» ይላሉ። ሁለት መቶ አሥር ካርድ፣ አንድ ቦርሳ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በልቡ አለፈ። ክዳኗን በሌባ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሳሕኑ ጠርዝ፣ ወደሷ መለሳት።

«ዝናቡ አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «በሬ ነው።»

ነገራቸው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ እጁን እንኳ ሳያወዛውዝ። በሕይወቱ እንደዚያ ደረቅ አድርጎ ያወራው ነገር የለም።

«የኢሱዙ ጎማ» አሉ ጋሽ ስብሐት።

«አዎ።»

«አንገቱ ላይ።»

«አዎ።»

ተነሡ። ኖህም ተነሣ፤ በሩን በዓይኑ ፈለገ።

«አባባ» አለች ናዝሬት። «እኔ አምኜዋለሁ።»

«አየሽው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን?»

«እርስዎ ዝናቡን ሰጡት። እኔም ሰጥቼው ነበር። አልወሰደም።»

ጋሽ ስብሐት ሳሕኑ ላይ ያለችውን ክዳን አዩ፤ ስለሷ ግን አልጠየቁም። ከበሩ ጀርባ የዝናብ ካፖርታቸውንና ያን የድሮ ቦርሳ አወረዱ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው የነገረኝን ቁጥር ጽፌ አላውቅም» አሉ። «ወርጄ ራሴ ነው የማነበው። ምራኝ።»

ወረዱ። ኖህ ከፊት፣ ሽማግሌው በከዘራ ከመሐል፣ ናዝሬት ሳሙናና የውኃ ጆግ ይዛ ከኋላ። ቀይ በሬው ከመብራት ምሰሶው ሥር፣ ከራሱ የሰፋ ኮሌታ እንደለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዙሪያው ጃንጥላ የያዘ ሰው ተሰብስቧል።

«ይኸው መጣ» አለ አንዱ የቅርጫው ባለቤት። «አይመጣም ብለን ነበር፣ ኖህ ስለሆነ።»

«ሳሙናው የታለ?» አለ ሌላው።

ኖህ እጅጌውን ሰበሰበ። ጎማ ከመሐል ብረቱ፣ ከቸርኬው፣ ሲወጣ እንደሚደረገው ጠርዙን ዙሪያውን በሳሙና ውኃ አራሰው፤ ከአንዱ ቤት በተዋሰው ብረትም ጠርዙን ከቀንዱ ሥር ቀስ ብሎ ፈለቀቀው። ጋሽ ስብሐት ማንም ሳይጠይቃቸው ከዘራቸውን ለናዝሬት ሰጥተው የበሬውን ቀንድ ያዙ።

«ወደ ግራ፣ ጋሼ።»

«ወደ ማን ግራ?»

«ወደ በሬው ግራ።»

ጎማው ተንሸራተተና ወጥቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። በሬው ራሱን አራገፈና የጋሽ ስብሐትን መነጽር በጭቃ ሞላው። ሽማግሌው አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጎማው ላይ ጎንበስ ብለው ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው፣ በካፖርታቸው ከዝናቡ እየጋረዱ ጻፉ። ኖህ ከትከሻቸው በላይ አየው።

«ጳጉሜን አምስት። አንድ በሬ። አንድ ጎማ፣ ባለ አሥራ ስድስት። ተነቧል።»

ደብተሩን ዘጉ።

«ሽማግሌዎችህን እሁድ ላካቸው፤ ስምንት ሰዓት» አሉ። ዳገቱን ጥቂት ወጣ ብለው ዞሩ። «መንገድ ላይ በሬ ካጋጠማቸው እጠብቃለሁ።»

ሰዉ ተበተነ፣ በሬው ተነዳ፣ ዝናቡም ሳሳ። ናዝሬትና ኖህ ጎማውን መሐላቸው አቁመው ቀሩ።

«ያን ዕለት ተሳስቼ ነበር» አለችው። «ሁሉም ስልህ። ሁለት የተለያየ መድኃኒት አንድ ፖስታ ውስጥ ጨመርኩብህ። ሰው ሊያታልሉበት የሚዋሹት ሌላ ነው፤ ሰው ሊያስቁበት የሚያወሩት ሌላ። እንዲህ አይነት ስህተት ከሥራ ያስባርራል።»

ከጃኬቷ ኪስ አንዲት የክኒን ፖስታ አወጣች። የራሰ እስክሪብቶዋን መዳፏ ላይ ፈትና፣ ጎማው ላይ አስደግፋ ጻፈች። «ተረት። በቀን አንድ። ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ።»

ኖህ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«ከኔ ጋር።»

ዳገቱ ላይ ጭጋጉ እየተገፈፈ፣ የእንጦጦ ጫፍ ብቅ እያለ ነበር። ኖህ ወደዚያ ተመለከተና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያን ጅብ ታስታውሺዋለሽ? ለዚህ መስቀል ብቻውን አይመጣም። ሽማግሌ ልኮ ነው የሰነበተው። የልጅቷ አባት ምን ይሉታል መሰለሽ፣ መጀመሪያ ጥርስህን ልቁጠር...»

ናዝሬት ሳቀች። በዚህ ጊዜ አፏን በእጅጌዋ አልሸፈነችም።